ስለ መካንነትና ስለ ፈውሱ፤ ከመቶው ስንቱ ይወልዳል?

ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መኾኑን ቤተ ክርስቲያናችን ዘወትር ታስተምራለች፤ ስለዚህም ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ወደ ንስሐ አባታቸው ይመጣሉ። ካህኑም ጸልዩ፥ ተሳሉ፥ ጠበል ተጠመቁ ይላቸዋል። ይህ መልስ እውነተኛ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚህ ዘመን ምእመናኑ ሌላ ጥያቄ ጨምረው መምጣት ጀምረዋል። ዘርን ከማሕፀን ውጭ በብልቃጥ ከማዋሐድ ይልቅ፥ የታመመውን አካል አክሞ ባልና ሚስቱ በተፈጥሮ ሥርዐት እንዲወልዱ የሚረዳ ሕክምና እንዳለ ሰምተው፥ «አባታችን፥ በዚህ ሕክምና ከመቶው ስንቱ ይወልዳል?» ይላሉ። ካህኑ ቍጥሩን ሳያውቅ ቢመልስ ወይ የማይፈጸም ተስፋ ይሰጣል፥ ወይ ሊጠቅማቸው የሚችለውን በር ይዘጋል። በመካከሉም የሚጐዳ ትዳር አለ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ቍጥሩ ስንት እንደ ኾነና እንዴት እንደሚነበብ እናስረዳለን።

አስቀድሞ ግን ሕክምናን መሻት የእምነት ጕድለት ነው ለሚሉ ወንድሞች በአጭሩ እንመልስላቸው። ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ የምንቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኀኒት እንዲከበር፥ የፈጠረውም እግዚአብሔር እንደ ኾነ፥ መድኀኒትንም ከምድር ያስገኘ እርሱ እንደ ኾነ ይናገራል፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ ጸልዮ ከዚያም ለባለመድኀኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ንጉሥ ሕዝቅያስ አልቅሶ በጸለየ ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ጸሎቱ ከተሰማ ሌላ ነገር አያሻም አላለም፥ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ እንጂ። በአንጻሩ ራሔል የልያ ልጅ ከእርሻ ያመጣውን እንኮይ በብርቱ ፈልጋ ወሰደች፤ ወዲያው የፀነሰችው ግን እንኮዩን የሰጠችው ልያ ናት። መጽሐፍ መድኀኒትን ያከብራል፤ መድኀኒት የተባለውን ኹሉ ግን አያምንም። በየገበያው ስለ መካንነት የሚሸጠውን ሥራ ሥር ሳይመረምሩ የሚገዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

እንግዲህ ይህ የሚጠግን ሕክምና ምን እንደ ኾነ በሚታወቅ ነገር እንመስለው። የመቐለ ከተማ በዓይናለም ካሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ውሃ ስትቀዳ ብዙ ዓመት ኾኗታል። የአንዱ ጕድጓድ ውሃ የቀነሰ እንደ ኾነ ኹለት መንገድ አለ። አንደኛው ውሃውን ከሌላ ስፍራ በቦቴ አምጥቶ ማደል ነው፤ ኹለተኛው መሳቢያው ተበላሽቶ፥ ወይም ደለል ሞልቶት፥ ወይም ቧንቧው ተዘግቶ እንደ ኾነ መርምሮ ጕድጓዱን ራሱን መጠገን ነው። የሚጠግነው ሕክምና እንደ ኹለተኛው ነው። መካንነትን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ አይመለከተውም፤ የሌላ ሕመም ምልክት አድርጎ ይመረምረዋል እንጂ። ደግሞም የምንጩ መሠረት ደርቆ ከኾነ ጥገና ውሃ እንደማያመጣ ማወቅ ይገባል፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

የዚህ ሕክምና መነሻ የሴቲቱን ልማድ በየዕለቱ ጽፎ መያዝ ነው። ዶክተር ጆን ቢሊንግስና ባለቤቱ ዶክተር ኤቭሊን በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1953 ጀምሮ፥ ሴት ዕንቍላል የሚወርድበትን ወራት ከማሕፀን አፍ በሚወጣው ፈሳሽ ለይታ ማወቅ እንደምትችል አስተማሩ። (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር ጥናት የምንጽፋቸው ዓመታት ኹሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) በኋላም በአሜሪካ በኦማሃ ከተማ ዶክተር ቶማስ ሒልገርስ በ1985 ተቋም አቁሞ፥ ይህን የዕለት መዝገብ ከደም ምርመራ፥ ከመድኀኒትና ከቀዶ ሕክምና ጋራ አያይዞ ናፕሮቴክኖሎጂ የተባለውን ሥራ አስፋፋ። እነዚህ ሰዎች የካቶሊክ ምእመናን ናቸው፤ ትምህርታቸውን በሃይማኖት ሚዛን ሳይኾን በሕክምና ሚዛን እንመዝነዋለን።

ሰዎች የሚጠቅሱት ዋናው ቍጥር የመጣው ከአየርላንድ ነው። በዚያ አገር ከ1998 እስከ 2002 ወደ አንድ የቤተሰብ ሐኪም ቤት 1239 ባልና ሚስት መጡ፤ ውጤቱም በ2008 ታትሞ ወጣ። ሴቶቹ በአማካይ 35.8 ዓመት የኾናቸው ነበሩ፤ ልጅ ሲሹ የቈዩበት ዘመን በአማካይ 5.6 ዓመት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል አስቀድሞ በብልቃጥና በመሳሰለው መንገድ ሞክሮ ያልተሳካለት ነበር። በጥናቱም መዝገብ ኹለት ቍጥሮች ተጽፈዋል። አንደኛው፥ ሕክምናውን እስከ 24 ወር ከፈጸሙት ከመቶው 52.8 ወለዱ ይላል። ኹለተኛው፥ ሕክምና ከዠመሩት ከመቶው 25.5 ወለዱ ይላል። አንድ ጥናት፥ አንድ ሐኪም ቤት፥ አንዱ ቍጥር ግን የሌላው እጥፍ! የሚያስታውቁ ሰዎች የመጀመሪያውን፥ የሚያቃልሉም ኹለተኛውን ይዘው ይከራከራሉ። ኹለቱም ቍጥሮች እውነተኞች ናቸው፤ የሚቈጥሩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ይህን ለማስረዳት የራሳችንን ቤት ምሳሌ እናድርግ። ወደ ቅኔ ቤት መቶ ተማሪዎች ገቡ እንበል። አንዱ ስንቅ አልቆበት፥ አንዱ ታሞ፥ አንዱ ሰልችቶት በየጊዜው ይወጣሉ፤ በመጨረሻ ሃያ አምስቱ ተመረቁ። «ከገቡት መቶ ስንቱ ተመረቀ?» ቢሉ መልሱ ሃያ አምስት ነው። «የወጡት ኹሉ እንደ ቀሩት ጸንተው ቢቈዩ ኖሮ ስንቱ ይመረቅ ነበር?» ቢሉ ግን መምህሩ በቀሩት መጠን አስልቶ ከኀምሳ በላይ ሊል ይችላል። ይህ ስሌት የወጣው ተማሪ ከቀረው ጋራ እኩል ተስፋ ነበረው ብሎ ያስባል፤ የቅኔ መምህራን ግን ይህ ኹል ጊዜ እውነት እንዳልኾነ ያውቃሉ። የሰለቸው አስቀድሞም ያልሆነለት ሊኾን ይችላልና። በሕክምናውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ምእመኑ «ከመቶው ስንቱ?» ሲል፥ የካህኑ መልስ «ብትዠምሩ ከአራቱ አንድ ያህል፥ ኹለት ዓመት ጸንታችሁ ብትቈዩ ከዚያ የሚበልጥ፥ ምናልባትም ወደ ግማሹ የሚደርስ» ቢኾን ከእውነት አይርቅም። በካናዳ በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ በ108 ባልና ሚስት ላይ ተደርጎ በ2012 የወጣው ጥናትም በዚሁ አኳኋን ኹለት ቍጥር አለው፤ በስሌቱ 66፥ በቀጥታ ቈጠራው 38።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ኹለቱም ጥናቶች ሕክምና ሳያገኝ የቈየ ማነጻጸሪያ ወገን የላቸውም፤ ያለ ሕክምናም ቢኾን ዘግይተው የሚወልዱ ሰዎች አሉና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጤነኞች ባልና ሚስት ከመቶው 84 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ፤ ከቀሩትም ግማሽ ያህሉ በኹለተኛው ዓመት ያገኛሉ። በሆላንድ አገር በ2006 የወጣ አንድ ጥናት፥ ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት ያለባቸውንና ገና ተስፋቸው ያልጠበበባቸውን 253 ባልና ሚስት በዕጣ ከኹለት ከፈለ፤ ለአንዱ ወገን የባሉን ዘር በመሣሪያ ወደ ማሕፀን የማስገባት ሕክምና ከመድኀኒት ጋራ ስድስት ወር ተደረገለት፤ ሌላው ወገን ዝም ብሎ ቈየ። የጸና ፅንስ ያገኙት ከታከሙት ከመቶው 23፥ ካልታከሙት ከመቶው 27 ኾኑ። ትዕግሥት ራሱ ከመድኀኒት የሚቈጠርበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ እንረዳለን። በስእለት የወለደችውም፥ በመድኀኒት የወለደችውም፥ በመጠበቅ የወለደችውም እግዚአብሔርን ያመስግኑ፤ ሐኪሙና ባለ ሥራ ሥሩ ግን ያደረጉትን ሳይለኩ ምስጋናውን ለራሳቸው አይውሰዱ።

ቍጥር የሚታመነው ሕመሙ በስሙ ሲታወቅ ነው፤ መካንነት ከአንድ ምክንያት አይመጣምና። ዕንቍላልዋ በጊዜው የማይወርድላት፥ ልማድዋም እየዘገየ የሚመጣባት ሴት ተስፋዋ ሰፊ ነው። በ2014 በወጣ ጥናት 750 እንዲህ ያሉ ሴቶች ለኹለት ተከፍለው ሌትሮዞልና ክሎሚፊን የተባሉትን መድኀኒቶች እስከ አምስት ወር ልማድ ድረስ ወሰዱ፤ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶው 27.5፥ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 ወለዱ። የታይሮይድ ዕጢ መታወክም በአንድ የደም ምርመራ የሚታወቅ፥ በክኒን የሚስተካከል ነው። የማሕፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከስፍራው ውጭ በቅሎ ብርቱ የልማድ ሕመም የሚያመጣባት ደግሞ፥ ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ቢቃጠልላት ይረዳታል፤ በካናዳ በ341 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ1997 የወጣው ጥናት፥ በ36 ሳምንት ውስጥ እንዲህ ከታከሙት ከመቶው 31፥ ካልታከሙት 18 ያህል መፅነሳቸውን ያስረዳል።

ኹለቱም የማሕፀን ቱቦዎችዋ ከተዘጉባት ሴት ዘንድ ግን ነገሩ ይለያል። በአገራችንና በአፍሪካ ይህ ምክንያት ከሌላው ዓለም ይልቅ ይበዛል፤ በጊዜው ያልታከመ የአባለ ዘር በሽታ፥ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የገባ ቍስለት ያመጣዋል። መዝገብ መያዝና ክኒን መውሰድ የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም፤ ቀዶ ሕክምናውም እንደ ጕዳቱ መጠን ነው፥ ብርቱ ጕዳት ሲኾን የሚሳካው ጥቂት ነው። በ1978 በእንግሊዝ አገር በብልቃጥ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው ቱቦዎችዋ ከተዘጉባት እናት ነበር፤ ያ መንገድም አስቀድሞ የታሰበው ለእንዲህ ያለው ጕዳት ነው። በትግራይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በብዙ ሴቶች ላይ ግፍ ተፈጽሟል፤ ሐኪም ቤቶችም መድኀኒት አጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ የያዛቸው ሕመም ሳይታከም የቀረባቸው እኅቶች ዛሬ ልጅ አጥተው ወደ ካህን ይመጣሉ። የንስሐ አባት እንዲህ ያለችውን ሴት እንዴት እንደ ታመመች አይመርምራት፤ ያልሠራችውን ኀጢአት ንስሐ አይስጣት፤ ምርመራ እንድታደርግ ብቻ በርኅራኄ ይምከራት።

አሁን ሐኪሞች ወደማያስቡት፥ እኛ ግን ልናስበው ወደሚገባን ነገር እንምጣ። የሕክምና መጻሕፍት አንድ ዓመት አብረው ኖረው ያልፀነሱትን መካን ይሏቸዋል። ይህ ቈጠራ ዓመቱን ሙሉ ሳይለያዩ ለሚኖሩ ሰዎች የወጣ ነው። በአጽዋማት መኝታ የሚለዩ ምእመናን ግን ዓመታቸው ዐጭር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት 43፥ ፍልሰታ 15፥ ነነዌ 3፤ ጾመ ሐዋርያት ከዓመት ዓመት ይለያያል፥ ሠላሳ ብንለው ድምሩ 146 ቀን ይኾናል። በ28 ቀን ልማድ ሲካፈል አምስት ወር ልማድ ያህል ነው። በዓመት ዐሥራ ሦስት ያህል ልማድ አለና፥ እነዚህ ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሞከሩ ሲባል በእውነቱ የሞከሩት ስምንት ያህል ነው። ስለዚህ በጋብቻቸው ዓመት መካን ተብለው ያለቀሱ ሰዎች አሉ፤ ገና ዓመታቸው ሳይሞላ!

ረቡዕና ዓርብ ግን ዕንቅፋት አይኾኑም። በ1995 የወጣው የአሜሪካ ጥናት በ221 ሴቶች ላይ እንዳሳየው፥ ፅንስ የሚገኝባቸው ቀኖች ዕንቍላል በሚወርድበት ቀን የሚፈጸሙ ስድስት ቀኖች ናቸው። በስድስት ተከታታይ ቀን ውስጥ ከኹለት የማይበልጡ የጾም ቀኖች ስለሚገኙ ቢያንስ አራት ቀን ይቀራል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ኀምሳ ደግሞ ጾም የለም፤ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ወደ ኹለት የሚጠጋ ልማድ ይገኛል። ሚስት ምልክቷን ለይታ ብታውቅ እነዚህ ወራት በከንቱ አያልፉባቸውም። መድኀኒት የዠመረችበት ወራት በረዥም ጾም ላይ ቢውል ግን፥ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ሥርዐቱን አይሻሩ፤ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጸሎት መለየት በስምምነትና ለጊዜው እንዲኾን ማስተማሩን እያሰበ፥ ካህኑም የሕመምተኛን ድካም አይቶ ይፍረድ። ነገሩን ሳይሰማ በቍጣ የሚመልሳቸው ካህን ግን ሥርዐት ጠበቀ አይባልም፤ አንሰማም ብለው በድብቅ እንዲያደርጉት መገፋፋቱ ነውና።

ከዓይናለም ወደ እኛ ስለ መጡ ባልና ሚስት እንናገር። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተው ነበር። ሚስቲቱ ያልተጠመቀችበት ጠበል፥ ያልጠጣችው ሥራ ሥር አልነበረም፤ ኹለት ጊዜም በሐኪም ተመርምራለች። የባልዋ ዘመዶች ወደ አባትዋ ቤት እንድትመለስ ወስነው፥ ባልዋም ይህን ለመፈጸም ፈቃድ ሊጠይቀን መጣ። «አንተስ ልጄ፥ ተመርምረሃል?» አልነው። «አባቴ፥ እኔ ምን ኾኜ? ጤነኛ ነኝ እኮ» አለ። የመካንነት ምክንያት ወደ ግማሽ በሚጠጋው ቤት ከወንዱ ብቻ ወይም ከኹለቱም እንደሚመጣ ነገርነው፤ አላመነንም። ዘርን በምርመራ ክፍል ማፍሰስ ኀጢአት ነው ብሎም አመካኘ። ከሚስቱ ጋራ በሚገናኝበት ጊዜ ለዚሁ በተሠራ ከረጢት መሰብሰብ እንደሚቻል ባስረዳነው ጊዜ ምክንያት አጣ። ዓይደር ሆስፒታል ከዓይናለም ሩቅ አይደለምና ከብዙ ማመንታት በኋላ ሄደ። ዘሩ እጅግ ጥቂት ኾኖ ተገኘ። ዘመዶቹ የተናገሩትን ቃል ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም። እስከ ዛሬ ልጅ አላገኙም፤ ሕክምናውን ግን አሁን ኹለቱም አብረው ይከታተላሉ።

የወንድ ዘር በሰውነት ተሠርቶ እስኪበስል ኹለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሲጋራውንና መጠጡን ዛሬ የተወ ሰው ለውጡን ከሦስት ወር በፊት አይጠብቅ። የባል ምርመራ ቀላል፥ ርካሽና ሰውነትን የማይጐዳ ኾኖ ሳለ የመጨረሻ መደረጉ አሳዛኝ ነገር ነው። ካህናት በዚህ ላይ ብዙ ሥልጣን አላቸው፤ ሚስቴን ላሰናብት ብሎ የሚመጣውን ኹሉ የምርመራ ወረቀቱን እንዲያመጣ ያዝዙት። ወረቀቱ ጤነኛ ነው ቢልም እንኳ መሰናበቻ አይኾነውም። ካህኑ ዘካርያስ ኤልሳቤጥን እስከ እርጅናዋ ድረስ አላሰናበታትም፤ ሕልቃናም ሐናን በልጅ ማጣትዋ አብዝቶ ወደዳት እንጂ አልጠላትም።

ጠበልን በሚመለከት፥ ሌትሮዞል የመሰለውን መድኀኒት የምትወስድ ሴት ከልማድዋ በሦስተኛው ቀን ዠምራ ለአምስት ቀን ነው የምትወስደው። በእነዚህ አምስት ቀኖች ጠበል ላይ ነኝ ብላ ብትተወው የወሩ ተስፋ አለፈ። የታይሮይድ ክኒንም እንዲሁ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያናችን ዐዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኀኒታቸውን ከጠበል ጋራ አብረው እንዲወስዱ፥ ኹለቱ እንደማይቃረኑ አስታውቀው ነበር። ለዚያ ሕመም የተፈቀደው ለዚህ የማይፈቀድበት ምክንያት የለም።

የጊዜም ነገር አለ። ዕድሜዋ ከ35 ያለፈ ሴት ሙሉ ዓመት ሳትጠብቅ በስድስት ወር እንድትመረመር ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ከአርባ በኋላ የሚሳካው በማናቸውም መንገድ እየቀነሰ ይሄዳል። የአየርላንዱ ጥናትም ወጣቶቹ ይበልጥ እንደ ወለዱ ይመሰክራል። ስለዚህ ካህኑ ረዥም ሱባኤ ሲያዝ ዕድሜዋን ይጠይቅ፤ ምርመራውም ከሱባኤው ጋራ እንዲዠመር ያድርግ።

ኹለት ዓመት በሚገባ ታክመው ያልኾነላቸው፥ ወይም ቱቦዎችዋ የተዘጉባት፥ ወይም ባል ጭራሽ ዘር የሌለው ሲኾን፥ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ስለ ተከፈተው የብልቃጥ ሕክምና ማእከል መጠየቃቸው አይቀርም። ከመቐለ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ውጤቱም ቢኾን፥ በሠለጠኑት አገሮች እንኳ ከ35 ዓመት በታች ለኾነች ሴት በአንድ ጊዜ ሙከራ ከሦስቱ አንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ የሚጠግነው ሕክምና ካልተሳካ በብልቃጡ የታወቀ ነው ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። በዚያ መንገድ ስለሚተርፉት ፅንሶችና ስለ ሌሎቹ ጥያቄዎች መወሰን የአባቶች ጉባኤ ሥራ ነው እንጂ የአንድ ጸሓፊ አይደለም። በዚያ መንገድ የተወለደ ሕፃን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግን ወንድ ቢኾን በ40፥ ሴት ብትኾን በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ በክርስትናው ሥርዐት ውስጥ ካህኑ ወላጆቹን እንዴት ወለዳችሁት ብሎ የሚጠይቅበት ስፍራ የለም።